በመጠጥ ክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ

ሥራ ፍለጋ ከካምፕ ወደ ካርቱም የሚሄድ ወገን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ደመወዝና ስለ መንገድ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቃል። በመጠጥ ምክንያት ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ አሳፋሪ ስለሚመስል አይወራም። ስለማይወራም የሚያዘው ሰው ቃዲው ፊት ሲቆም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ቃል ይበዛበታል።

በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ የምናውቀውን ለማስረዳት አስበናል። ጽሑፉ ጠጥቶ ራክሻ ወይም አምጃድ ሲነዳ የተያዘውን፣ ከሰው ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ የተያዘውን፣ እንዲሁም አረቄ አውጥታ ስትሸጥ የተያዘችውን እህት ሁሉ ይመለከታል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲታወቅ እንፈልጋለን። በእንዲህ ያለ ክስ የመጀመሪያው ችሎት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። አገር ቤት «ቀጠሮ ተሰጠኝ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። በካርቱም ግን ቀላል የሚባሉ ክሶች በአጭር ችሎት ሲታዩ ክሱ ይነበባል፣ ፖሊሱ ይመሰክራል፣ ተከሳሹ ይጠየቃል፣ ፍርዱም በዚያው ቀን ይሰጣል። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚደረገው ከተያዙበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ችሎቱ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያም የተሻለው ዝግጅት ሳይያዙ በፊት ማወቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በሱዳን መጠጥ በሕግ የተከለከለው በመስከረም 1983 በፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ካርቱም ውስጥ የተገኘው መጠጥ በመንግሥት ትእዛዝ ዓባይ ውስጥ ተደፋ። ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣው የ1991 የወንጀል ሕግ ክልከላውን በተለይ በሁለት አንቀጾች አስቀመጠው። አንቀጽ 78 ስለሚጠጣው ሰው ነው። ሙስሊም ሆኖ የጠጣ አርባ ጅራፍ እንዲገረፍ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን በአደባባይ የጠጣ ወይም ሰክሮ ሰው ያወከ ደግሞ እስከ አንድ ወር እስራት ወይም እስከ አርባ ጅራፍ፣ በተጨማሪም መቀጮ እንዲጣልበት ይደነግግ ነበር። አንቀጽ 79 ስለሚነግደው ነው። መጠጥ ለሽያጭ ያስቀመጠ፣ ያጓጓዘ ወይም የሸጠ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም መቀጮ እንዲቀጣ፣ መጠጡም እንዲደፋ ያዝዛል።

በ1996 የካርቱም ክፍለ ሀገር የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባለውን አወጣ። የዚህ ሕግ ፖሊሶችና ፍርድ ቤቶች ለየብቻ የተቋቋሙ ነበሩ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ፣ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች የተፈናቀሉ እናቶች አረቄና መሪሳ ሲሸጡ እየተያዙ፣ ጠበቃ ሳያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈረድባቸው ነበር። በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ከነሕፃናቶቻቸው የታሰሩም ብዙዎች ነበሩ።

ይህ የ1996 ሕግ በኅዳር 2019 ተሻረ። በሐምሌ 2020 ደግሞ የወንጀል ሕጉ ተሻሽሎ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በግል ስፍራ በመጠጣቱ ብቻ እንዳይከሰስ ተፈቀደ። ለሙስሊም ግን ክልከላው እንዳለ ቀረ። ሙስሊም ያልሆነውም ቢሆን ከሙስሊም ጋር ሲጠጣ ቢገኝ ሊቀጣ እንደሚችል በወቅቱ ተነግሯል።

በወገኖቻችን መካከል ሁለት ዓይነት ወሬ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዱ «ከተያዝክ ጅራፍ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» ይላል። ሌላው «ሕጉ ተነሥቷል፣ ክርስቲያን የፈለገውን ይጠጣል» ይላል። ሁለቱም ሰው ያሳስታሉ። የተፈቀደው ጠባብ ነው፤ በግል ቤት፣ ሙስሊም ላልሆነ ሰው። መንገድ የግል ቤት አይደለም። መሪ የጨበጠ ሰው ደግሞ ምንጊዜም መንገድ ላይ ነው።

መሪ ይዞ የተያዘ ሰው

ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ክስ ያለበት ይመስለዋል። ነገር ግን መጠጡ አንድ ነገር ነው፤ መንዳቱ ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ (ሩክሳ) ከሌለው ሦስተኛ፣ ሰው ወይም ንብረት ከተጎዳ አራተኛ ይሆናል። የትራፊክ ፖሊስ (ሙሩር) የሚጽፈውና ሌላው ፖሊስ የሚጽፈውም ሊለያይ ይችላል። ስለሆነም «ስንት ክስ ነው ያለብኝ? እያንዳንዱስ በየትኛው ሕግ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንዱን ክስ ለመቀበል ብሎ «አዎን» ያለ ሰው አራቱንም እንደተቀበለ ሆኖ ሊጻፍበት ይችላል።

ሰው ከተጎዳ ወይም ከሞተ ጉዳዩ ከመንግሥት ጋር ብቻ አይሆንም። በሱዳን ሕግ የተጎጂው ቤተሰብ የደም ካሣ (ዲያ) የመጠየቅ መብት አለው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሱዳናውያን አጃዊድ የሚሏቸውን ሽማግሌዎች መላክ የተለመደ ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የሠፈሩን ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ አሠሪን ወይም የተሽከርካሪውን ባለቤት ይዞ የተጎጂውን ቤተሰብ መጠየቅ፣ ማዘን፣ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። የተሽከርካሪው መድን (ተእሚን) ወረቀት የት እንዳለም ወዲያው ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም» ማለት ይቅርታ የሚያስገኝ የሚመስላቸው አሉ። በፈቃዱ የጠጣ ሰው በስካሩ ነጻ አይወጣም። እንዲያውም ይህ አነጋገር መጠጣትን በራስ አፍ መመስከር ነው።

ከሒራሳ እስከ ችሎት

ሒራሳ የሚባለው የፖሊስ ጣቢያ ማቆያ ነው። በ1991 የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፖሊስ የያዘውን ሰው ለምርመራ 24 ሰዓት ማቆየት ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት (ኒያባ) እስከ ሦስት ቀን ሊያራዝም ይችላል። ከሦስት ቀን የሚያልፈው በዳኛ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የተያዙበትን ቀንና ሰዓት በልብ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ መያዛችሁ ውጭ ላለ ሰው ይነገር። ሕጉ የተያዘ ሰው ለቤተሰቡ እንዲነገርለትና ጠበቃ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። ስልክ ሊወሰድ ስለሚችል የአንድ ታማኝ ሰው ቁጥር በቃል መያዝ ይገባል። ከስልኩ በቀር በሌላ ቦታ ቁጥር የሌለው ሰው ስልኩ ሲወሰድበት ብቻውን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የመዝገቡን ቁጥር አግኙ። ፖሊስ ጣቢያው የሚከፍተው መዝገብ ቢላግ ይባላል። የቢላጉ ቁጥር፣ የጣቢያው ስምና የተጠቀሰው አንቀጽ ካልታወቁ ከውጭ ሊረዳ የሚመጣ ሰው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር ይውላል።

ሦስተኛ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። አረብኛ መናገርና አረብኛ ማንበብ የተለያዩ ናቸው። በገበያ አረብኛ አሥር ዓመት የኖረ ሰው የምርመራ ቃሉን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። «ይነበብልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሕጉም ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አያስገድድም።

አራተኛ፣ ስደተኛ መሆናችሁን ተናገሩ። የስደተኛ ካርዳችሁን (ቢጣቃ) አሳዩ፤ በእጃችሁ ከሌለ ቁጥሩን ተናገሩ። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን (ሙዕተመዲያ) እና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.) የጥበቃ ክፍል እንዲነገራቸው ጠይቁ። ከመንግሥቱ ሸሽቶ የወጣ ሰው ኤምባሲ እንዲጠራለት የመጠየቅ ግዴታ የለበትም፤ ቢጠየቅም ጉዳዩን ለስደተኞች መሥሪያ ቤቶቹ እንዲነግሩለት ማመልከት ይሻለዋል።

አምስተኛ፣ ተደብድባችሁ ወይም በአደጋው ተጎድታችሁ ከሆነ ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። ለጉዳት የሚሞላው የፖሊስ የሕክምና ቅጽ ኦርኒክ 8 ይባላል። ቁስል ቶሎ ይድናል፤ ወረቀቱ ግን ይቀራል።

ስድስተኛ፣ ዋስ ፈልጉ። ዋሱ ዳሚን ይባላል። መታወቂያና ቋሚ አድራሻ ያለው ሰው፣ ይልቁንም ሱዳናዊ አሠሪ ወይም ጎረቤት ቢሆን ይመረጣል። ዋስ የሆነላችሁን ሰው ጥሎ መጥፋት ራስን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚያዘውን ወገን ሁሉ ዋስ ያሳጣል።

«ጥቂት ገንዘብ ስጠኝና ጉዳዩን ልጨርስልህ» የሚል ሰምሳርም በየጣቢያው ደጃፍ አይጠፋም። ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ መዝገቡ እንደተከፈተ ቢቀር የሚከሰስ ሰው የለም። ጉቦ መስጠት ደግሞ በራሱ ሌላ ወንጀል ነው።

ጠበቃ

ብዙ ሰው «መንግሥት ጠበቃ ያቆምልኛል» ብሎ ይጠብቃል። በሱዳን ሕግ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ የሚያቆመው አቅም ለሌለው ተከሳሽና ክሱ ከባድ ሲሆን፣ ይኸውም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እስራት ወይም የሞት ቅጣት በሚያስከትልበት ጊዜ ነው። የመጠጥ ክስ ከዚህ አይደርስም። ስለዚህ ጠበቃ (ሙሐሚ) ከተፈለገ ከራስ ወገን ወይም ከእርዳታ ድርጅት በኩል መገኘት አለበት። የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 16 ስደተኛ ፍርድ ቤት የመቅረብና የሕግ እርዳታ የማግኘት መብቱ እንደ አገሩ ሰው እንዲሆን ይደነግጋል። ሱዳን ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1974 ነው። ውጭ ያሉ ቤተሰቦች ይህንን ይዘው የጥበቃ ክፍሉን በጠዋት ቢጠይቁ ከችሎቱ በፊት ሰው ሊገኝ ይችላል።

«አይ» የምትለው ቃል

በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝ። በአማርኛ «አይ» ስንል አይደለም፣ አልሆነም ማለታችን ነው። በሱዳን አረብኛ ግን «አይ» ማለት አዎን ማለት ነው። ቃዲው «ጠጥተሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ደንግጦ «አይ፣ አይ» ያለ የእኛ ሰው ሁለት ጊዜ ክዷል፤ በቃዲው ጆሮ ግን ሁለት ጊዜ አምኗል። ጸሐፊውም የሚጽፈው የሰማውን ነው።

እንዲሁም አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ብሎ ማመን የእኛ ልማድ ነው፤ ሱዳናዊ አይረዳውም። አንገት ደፍቶ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ትሕትና ነው፤ በችሎት ግን ጥፋተኝነት ሊመስል ይችላል። «እሺ» ማለት ለእኛ «ሰምቻለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለሚተረጉመው ሰው ግን «ተስማምቻለሁ» ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ክህደት «ላ» ይባል፤ እምነት «ናዓም» ይባል። ከዚህም ጋር የሚከተሉትን ቃላት በትምህርት ቤት እንደሚጠና ትምህርት አጥኗቸው።

ማ ፈሂምታ፦ አልገባኝም።
ዳይር ሙተርጂም፦ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። (ሴት ስትናገር ዳይራ ትላለች።)
ዳይር ሙሐሚ፦ ጠበቃ እፈልጋለሁ።
አና ላጂእ፦ እኔ ስደተኛ ነኝ። (ሴት ላጂአ።)
ሙዝኒብ፦ ጥፋተኛ። ገይር ሙዝኒብ፦ ጥፋተኛ ያልሆነ።
ሻሂድ፦ ምስክር።
ገራማ፦ መቀጮ።
ኢስቲእናፍ፦ ይግባኝ።

የችሎቱ ቋንቋ አረብኛ ነው፤ ነገር ግን የማይገባው ተከሳሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ሱዳን በ1986 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ይህ አገልግሎት በነጻ እንዲሰጥ ያዝዛል። አስተርጓሚ በቦታው ከሌለ አብሯችሁ የመጣ፣ ሁለቱን ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ቃዲው ሊፈቅድ ይችላል። ከክሱ ጋር የተያያዘ ሰው፣ ለምሳሌ አብሮ የጠጣ ጓደኛ ወይም የተሽከርካሪው ባለቤት፣ ባይተረጉም ይሻላል። የራሱ ጉዳይ አለበትና።

በቃዲው ፊት

በካርቱም ዳኛ «መውላና» ተብሎ ይጠራል። ሲገባ መነሣት፣ ሲጠየቁ ቆሞ መመለስ፣ ሌላው ሲናገር አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ልብስ ንጹሕና ጨዋ ይሁን፤ እህቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ወይም ሻሽ ቢለብሱ ይመረጣል። በዋስ የወጣ ሰው በዋዜማው ምንም እንዳይጠጣ፣ ጠዋት በጊዜ እንዲደርስ፣ ስልኩንም እንዲዘጋ። በመጠጥ ተከሶ መጠጥ እየሸተተ የሚቀርብ ሰው ምስክር አያስፈልገውም።

አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ያደጉ ናቸው። በእኛ ባህል ነገር አዋቂ የሚባለው ረጅም የሚናገር፣ በምሳሌ የሚያስረዳና የሚምል ነው። በአጭር ችሎት ግን ቃዲው በርካታ መዝገብ ተደርድሮበታል። ስለዚህ የሚነገረው ነገር ከሦስትና ከአራት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ በአስተርጓሚው ጆሮ ተነግሮ ቢቆይ መልካም ነው።

ከሚመጡት ጥያቄዎች የመጀመሪያው ስም፣ አድራሻና ሥራ ነው። ሃይማኖትም ይጠየቃል። ከላይ እንዳየነው በመጠጥ ክስ ሃይማኖት ፍርዱን ይለውጣል። ብዙዎቻችን ኢብራሂም፣ ዳውድ፣ ዩሱፍ የሚመስሉ ለሁለቱም ሃይማኖት የሚሆኑ ስሞች አሉን፤ በስም ብቻ የሚገምት ሰው ሊሳሳት ይችላል። ክርስቲያን የሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የጥምቀት ወረቀት ካለው ያምጣ። ሙስሊም የሆነ ሰው ግን ጅራፍ ፈርቶ ሃይማኖቱን እንዳይክድ እንመክራለን። ውሸቱ ከታወቀ ክሱ ይከብዳል፤ ከኅሊናውና ከወገኑ ጋር የሚኖረው ጉዳይም ከፍርድ ቤቱ በር አያበቃም።

ቀጥሎ ክሱ ይነበባል፤ «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ይባላል። እዚህ ላይ ሦስት መልስ አለ። ነገሩን አድርጎ በግልጽ የተያዘ ሰው አምኖ፣ ተጸጽቶ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱን ገልጾ ቅጣት እንዲቀልለት ሊለምን ይችላል። ያላደረገ ወይም ክሱ ከሠራው በላይ የሆነበት ሰው «ገይር ሙዝኒብ» ብሎ ይክዳል፤ ምስክር እንዲሰማለት ይጠይቃል። ነገሩ ያልገባው ሰው ደግሞ አስተርጓሚ ወይም ጠበቃ የሚያገኝበት አጭር ጊዜ ይለምናል። ሦስቱም ክቡር መልሶች ናቸው። የሚጎዳው አራተኛው ነው፤ ቶሎ ለመውጣት ሲሉ ያልሰሙትን ማመን።

«አምኜ ልውጣ» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ሒራሳው ጠባብ ነው፤ ልጅ ቤት ትቶ የመጣ አለ፤ የቀን ሥራው የሚቀርበት አለ። አንዳንዴም በእርግጥ ማመን የሚሻልበት ጊዜ ይኖራል። ነገር ግን ይህ ተከሳሹ አስቦበት የሚወስነው እንጂ ሰው ገፍቶ የሚያስብለው መሆን የለበትም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ብሂል ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ከምስክሮች ዋነኛው የያዘው ፖሊስ ነው። የአፍ ሽታ፣ አረማመድና አነጋገር ይጠቅሳል። የሐኪም ምርመራ ተደርጎ ከሆነ ውጤቱ ይቀርባል። ተከሳሽ ምስክሩን የመጠየቅ ዕድል ሲሰጠው «ውሸታም ነህ» ማለት አይጠቅምም። «በስንት ሰዓት ነው? የት ነበርኩ? ከእኔ ጋር ማን ነበር? መጠጡ በማን እጅ ተገኘ?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው በአንድ ቤት ተይዞ ሲቀርብ በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። የጠጣ፣ የሸጠና ለጥየቃ የመጣ ሰው አንድ አይደሉምና።

ይዞ የሚቀርበው ወረቀት

የስደተኛ ካርድ ወይም የጥገኝነት ጥያቄ ማስረጃ፣ የመንገድ ፈቃድ ወይም የሥራ ፈቃድ፣ ሹፌር ከሆነ ሩክሳና የተሽከርካሪው ወረቀት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የታመመ ቤተሰብ ካለ የሐኪም ወረቀት፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወረቀት። ዋናውን ለቃዲው አሳይቶ ቅጂውን መስጠት ይሻላል።

የመንገድ ፈቃድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሱዳን የስደተኞችን ስምምነት ስትቀበል የመዘዋወር ነጻነትን በሚመለከተው አንቀጽ 26 ላይ ገደብ አድርጋለች። ከተመደበበት ካምፕ ያለ ፈቃድ የወጣ ስደተኛ በዚሁ ብቻ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ በመጠጥ የተያዘ ሰው ከጣቢያው ሲወጣ የፈቃድ ጥያቄ ሊነሣበት እንደሚችል አስቦ ፈቃዱን አስቀድሞ ያስተካክል።

ከፍርዱ በኋላ

መቀጮ የተፈረደበት ሰው ሲከፍል የመንግሥት ደረሰኝ ይቀበል። የቆዩ ነዋሪዎች ኦርኒክ 15 በሚለው ስሙ ያውቁታል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ደረሰኙም እንደ ካርዱ ተጠብቆ ይቀመጥ፤ በሌላ ቀን ስሙ ሲነሣ ጉዳዩ ማለቁን የሚያሳየው እሱ ነው።

ፍርዱ ስሕተት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል። ጊዜው 15 ቀን ነው። «ወደ ካምፕ ተመልሼ አስብበታለሁ» የሚል ሰው ከገዳሪፍ እስኪመለስ ቀኑ ያልቅበታል። ይግባኝ ለማለት የፍርዱ ግልባጭ ስለሚያስፈልግ በዚያው ቀን መጠየቅ ይገባል።

«ከተፈረደብኝ ወደ አገሬ ይመልሱኛል» የሚል ፍርሃት በብዙዎች ዘንድ አለ። ስምምነቱ በአንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ይከለክላል። በአንቀጽ 32 መሠረትም በሕግ የተቀመጠ ስደተኛ ሊባረር የሚችለው በአገር ደኅንነት ወይም በሕዝብ ሥርዓት ምክንያት፣ በሕጋዊ ውሳኔ ነው። የማባረር ቃል የተነሣበት ሰው አንድ ቀን ሳያድር ለዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ያስነግር። በሌላ በኩል ይኸው ስምምነት በአንቀጽ 2 ስደተኛ የሚኖርበትን አገር ሕግ እንዲያከብር ያዝዛል። መብታችንንና ግዴታችንን የጻፈው አንድ ሰነድ ነው።

ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ጉዳዩ የተጀመረለት ሰው ተፈርዶበት እንደሆነ ቢጠየቅ አይደብቅ። ትንሽ ፍርድ ከነደረሰኙ ሊብራራ ይችላል። የተደበቀ ነገር ሲገኝ ግን ሌላውንም ቃል ያስጠረጥራል።

ውጭ ላለው ቤተሰብ

የተያዘ ሰው ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈሉ። አንዱ ጣቢያ ሄዶ የቢላጉን ቁጥር ያምጣ፤ አንዱ ካርዱንና ወረቀቱን ከቤት ያምጣ፤ አንዱ ሙዕተመዲያና የጥበቃ ክፍሉ ዘንድ ይሂድ፤ አንዱ ዋስና አስተርጓሚ ይፈልግ። የተያዘችው እናት ከሆነች ልጆቿ በማን እጅ እንዳሉ መጀመሪያ ይረጋገጥ። የምታጠባ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህ ለቃዲው ሳይነገር አይቅር።

ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ወዲህ ካርቱም ብዙ ተናግታለች፤ የፍርድ ቤቶችና የመሥሪያ ቤቶች ሥራም ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ ችሎቱ የት እንደሚውል፣ የጥበቃ ክፍሉም ሰው በየትኛው ቀን እንደሚገኝ በዱሮ ዕውቀት ከመሄድ በዕለቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ዛሬውኑ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። የስደተኛ ካርዱን ቅጂ ለሚያምነው ሰው ይስጥ። አንድ የስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ። «ላ»፣ «ናዓም»፣ «ማ ፈሂምታ» የሚሉትን ቃላት ለራሱም ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱም ያስጠና። የጠጣ ሰው ደግሞ የራክሻውን ቁልፍ ላልጠጣ ሰው ይስጥ፤ የሚነዳለት ከሌለም እዚያው ይደር። በሰላም ያደረ ሰው ጠዋት ሥራውን ያገኘዋል።